ሚኒሞ ላይ ባትሪ የማይሞላ ዲናሞ፦ 5ኤል ሃይስ፣ አዳማ

የወንጂ መስመር

ሰላም ለሁላችሁ። የምነዳው 5ኤል የሚባል የናፍጣ ሞተር ያለው ቶዮታ ሃይስ ሚኒባስ ነው፣ መስመሬ ከአዳማ ወንጂ። ጠዋት 12 ሰዓት መናኸሪያ እገባለሁ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ የመጨረሻውን ሰው አውርጄ ቤቴ እገባለሁ። ስለ ዲናሞዬ ሦስት ሰው ሦስት የተለያየ ነገር ነግሮኛል። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው አይቶ እንዲፈርድልኝ ሁሉንም በዝርዝር እጽፈዋለሁ፣ ብዙ ከሆነ ታገሡኝ።

ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልሰጠው ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ) ዲናሞው፣ ማለትም ኤሌክትሪክ አመንጪው፣ ባትሪውን አይሞላም። ነዳጅ ስሰጠው ይሞላል፣ እግሬን ሳነሳ መልሶ ይወርዳል። የራሴ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) አለኝ፤ ለአንድ ሳምንት ባትሪው ላይ እየለካሁ ደብተር ላይ ጽፌያለሁ። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ፣ መብራት ሳላበራ፣ ሚኒሞ ላይ 13.5 ቮልት። ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ግሎ፣ መብራት ሳላበራ፣ 12.9። ማታ የፊት መብራቱና የአየር ማራገቢያው በርተው፣ ሚኒሞ ላይ 12.2። በዚያው ሰዓት ነዳጅ ሰጥቼ ሳቆየው 14.1። ቁጥሩ ከቀን ቀን ብዙም አይለዋወጥም።

ሌላ ያየሁት ነገር፦ ክሩስኮቱ (ከመሪው ፊት ያለው የጠቋሚዎች ሰሌዳ) ላይ ያለው የባትሪ ምልክት ቀን ምንም አይታይም። ማታ ሚኒሞ ላይ ቆሜ፣ የመንገድ መብራቱን በእጄ ጋርጄ ሳየው ግን፣ በጣም ስስ ቀይ ሆኖ ይታያል። ነዳጅ ስሰጠው ይጠፋል።

ዲናሞው ከሁለት ወር በፊት ወርዶ ተሠርቷል። ካርቦኑ (ወደሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው) እና ኩሽኔታው (ቤሪንጉ) ተቀየረ ተብዬ ከፈልኩ። ከዚያ "ባትሪህ ነው የሞተው" ተባልኩና አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ሦስት ሳምንት ደህና ሄደ።

ባለፈው ማክሰኞ ማታ ከወንጂ ስመለስ አንዲት እናት ሕፃን አዝላ፣ አንድ ጆንያ አጠገቧ አስቀምጣ መንገድ ዳር እጇን ዘረጋች። ቆምኩ። ረዳቴ ጆንያውን ከኋላ እስኪጭን ሞተሩን አጠፋሁት። መልሼ ቁልፍ ስሰጠው ሞተሪኖው (ማስነሻ ሞተሩ) "ጭ" ብሎ ቀረ። ግራና ቀኙ ሸንኮራ አገዳ ነው፣ መብራት የሚባል የለም። ተሳፋሪዎቹ ወርደው ገፉልኝ፤ ያችም እናት ልጇን እንዳዘለች ከኋላ ስትገፋ በመስታወት አየኋት። ተነሳ፣ ሁሉም በሰላም ገቡ። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አሁን አንድ መካኒክ "ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ፖዘቲቭ ነቅለን እንየው፤ ሞተሩ ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው" አለኝ። አላስነቅልም አልኩት፣ ተቀየመኝም መሰለኝ። ልክ ነበርኩ? ደግሞስ ከየት ልጀምር?

ሐይቅ ዳር

ወንድሜ፣ እኔ ሐዋሳ ነኝ፣ የምነዳውም ሃይስ ነው። ቺንጋህን (ዲናሞውን የሚያዞረውን ቀበቶ) እይ። የኔ ልክ እንዲህ አድርጎኝ ችግሩ ቺንጋው ሆኖ ተገኘ፤ በደንብ የተወጠረ ነበር፣ ግን አርጅቷል። እንዲህ ያለው ቺንጋ ፑሌጃውን (የሚዞርበትን ባለ ቦይ መዘውር) የሚይዘው በሁለት ጎኑ ነው፣ በሆዱ አይደለም። ጎኑ ተበልቶ ሲያልቅ ቦዩ ውስጥ ይሰምጥና ሆዱ ታቹን ይነካል፤ ከዚያ ወዲያ የፈለግከውን ያህል ብትወጥረው ይንሸራተታል። ቺንጋውን አውጣና የፑሌጃውን ቦይ ታች በስልክህ መብራት እየው። እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ከሆነ ታች እየነካ ነው ማለት ነው።

ቺንጋው ደህና ከሆነ ግን አትድከም፣ ዲናሞውን ቀይረው። አንዴ የተሠራ ዲናሞ አይታመንም።

የወንጂ መስመር

እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት አውጥቼ አየሁት። የቦዩ ታች ጥቁርና ዝገት ያለበት ነው፣ አያብረቀርቅም። ቺንጋዎቹም ሁለቱም ያላረጁ ናቸው፤ መካከሉን በአውራ ጣቴ ስጫነው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው የሚገባው። ጠዋት ሳስነሳውም አይጮኽም። ዲናሞ ቀይር ያልከውን ሰምቻለሁ፤ ግን ባትሪውንም "ቀይር" ተብዬ ነው የቀየርኩት፣ አሁን ምክንያቱን ሳላውቅ ሌላ ዕቃ አልገዛም።

አሮጌ ቴስተር

የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ነኝ፣ እዚሁ አዳማ ነው ያረጀሁት። ልጄ፣ ደብተር ላይ እየጻፍክ መለካትህ ደስ አሰኝቶኛል። አብዛኛው ሰው "አይሞላም" ብቻ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ከስንት ወደ ስንት፣ በሙቀት ነው በቅዝቃዜ፣ መብራት በርቶ ነው ጠፍቶ ብትለው መልስ የለውም። አንተ ግማሹን ሥራ ጨርሰህ ነው የመጣኸው።

መጀመሪያ የባትሪው ነገር። አላስነቅልም ማለትህ ትክክል ነው፣ ደግመህም ማንም እንዲነቅል አትፍቀድ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ሲነቀል ዲናሞው ሲያመነጭ የነበረው ኃይል በድንገት መሄጃ ያጣል፤ ቮልቱ በቅጽበት ከ14 ወደ ብዙ አሥሮች ይዘላል። ሬጉሌተሩን (ቮልቱን የሚቆጣጠረውን)፣ ዳዮዶቹን (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉትን)፣ ሬዲዮውን ሊያቃጥል ይችላል። ኮምፒውተር ባለው የቤንዚን መኪና ላይ ደግሞ ጥፋቱ የባሰ ነው። ይህ ልማድ ዳዮድ ከሌለው ከድሮው ዲናሞ ዘመን የተረፈ ነው። ባንተ መኪና ላይ ደግሞ ምንም አይነግርህም፤ የ5ኤል የናፍጣ ፓምፕ ሜካኒካል ስለሆነ ሞተሩ የሚፈልገው የናፍጣ ማቆሚያው ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚከፈተው መዝጊያ) ክፍት ሆኖ እንዲቆይ የሚበቃ ጥቂት ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ግማሽ ዲናሞ እንኳ ያንን ይሰጠዋል። ሞተሩ አልጠፋም ማለት ዲናሞው ጤነኛ ነው ማለት አይደለም።

ለምን ሚኒሞ ላይ ብቻ? ከከተማችን በላይ ኮረብታው ላይ የቆሙትን የንፋስ ተርባይኖች አስብ። እያንዳንዱ 1.5 ሜጋ ዋት ነው ይባላል፤ ግን ያን የሚሰጠው ንፋሱ በደንብ ሲነፍስ ነው። ንፋሱ ሲደክም ክንፉ ሲዞር ታየዋለህ፣ የሚወጣው ግን ትንሽ ነው። ዲናሞም እንደዚያ ነው። መለያው ላይ 70 አምፔር ቢጻፍበት በከፍተኛ ዙር ነው። ሞተርህ ሚኒሞ ላይ በደቂቃ 700 ቢዞር፣ የሞተሩ ትልቅ ፑሌጃ የዲናሞውን ትንሽ ፑሌጃ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ስለሚያዞረው ዲናሞው 1,750 ገደማ ይዞራል። ይህ ገና መስጠት የሚጀምርበት አካባቢ ነው። ሁለቱ የፊት መብራቶች 10 አምፔር ገደማ ይወስዳሉ፤ ማራገቢያውን፣ የኋላ መብራቱን፣ ሬዲዮውን ጨምርበት። ጤነኛ ዲናሞ ሚኒሞ ላይ ይህን በልኩ ይሸፍናል፣ ትርፍ ግን የለውም። ስለዚህ ትንሽ ጉድለት ሲኖርበት መጀመሪያ የሚታየው እዚህ ነው። ዙሩ ሲጨምር ጉድለቱ ይሸፈናል።

ሙቀቱንም አትርሳ። መዳብ ሲግል ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ይቀንሳል፤ ሬጉሌተሩም ራሱ ሲሞቅ ቮልቱን ዝቅ ያደርጋል። በአዳማ ከሰዓት ሙቀት 13.6 ወይም 13.8 ብታይ አትደንግጥ። 12.2 ግን ባትሪው እየሰጠ ነው እንጂ እየተቀበለ አይደለም።

አሁን የምነግርህን ለካ። ሁሉንም ሞተሩ ግሎ፣ ከአንድ ሙሉ ምልልስ በኋላ።

ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርግና ባትሪው ላይ ለካ፣ መብራት አብርተህ። ዲናሞ ውስጡ ኤሲ (አቅጣጫው የሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ) ነው የሚያመነጨው፣ ዳዮዶቹ ናቸው ወደ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ወደሚሄደው) የሚቀይሩት። ዳዮዶቹ ደህና ከሆኑ የምታገኘው ከግማሽ ቮልት በታች፣ አብዛኛውን ጊዜም በጣም ከዚያ በታች ነው። ከዚያ በላይ ካለፈ አንዱ ዳዮድ ሞቷል ወይም የአንዱ የመዳብ ሽቦ ጥቅልል ጫፍ ተነቅሏል።

ከዚያ ወደ ዲሲ መልሰውና ረዳትህ ነዳጅ ሰጥቶ እንዲያቆየው አድርግ፣ መብራቱ ይብራ። አንዱን የቴስተር ጫፍ ዲናሞው ላይ ወፍራሙ ገመድ የታሰረበት ብሎን ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ። ከ0.3 ከበለጠ ገመዱ ወይም ማሰሪያው ነው። ቀጥለህ ከዲናሞው ብረት ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ። ከ0.2 ከበለጠ ማሳው (ወደ ኔጌቲቩ የሚመልሰው መስመር) ነው። ብዙ ዲናሞ በማሳ ምክንያት ያለ ኃጢአቱ ተፈቷል።

ሌላው ትልቁ ነገር። የናፍጣ ሃይስ ዲናሞ ጀርባው ላይ ቫኪዩም ፓምፕ (አየር የሚስብ) አለው፣ ለፍሬኑ ሰርቮ፣ ማለትም ፍሬን ስትረግጥ ለሚያግዝህ ክፍል። ያ ፓምፕ ከሞተሩ ዘይት ይመጣለታል። በፓምፑና በዲናሞው መካከል ያለው ፓራኦሊዮ (የዘይት ማገጃ ጎማ) ሲያረጅ ዘይቱ ወደ ዲናሞው ይገባል፣ መጀመሪያ የሚያገኘውም ካርቦኑን ነው። ሰዎቹ ካርቦንና ኩሽኔታ ቀየርን ሲሉህ ፓራኦሊዮውንስ? ይህን ጠይቅ።

ኮሮላ አዳማ

ጋሼ፣ ከይቅርታ ጋር መሃል ልግባ። የኔ የድሮ ኮሮላ ጠዋት ሳስነሳት አትሞላም፤ አንዴ ነዳጅ ስሰጣት ግን ቀኑን ሙሉ ሚኒሞም ላይ በደንብ ትሞላለች። ይህም ያው ነው?

አሮጌ ቴስተር

አይደለም እህቴ፣ ያንቺ ሌላ ነው፤ ጥሩ አድርገሽ ጠየቅሽ። አንዴ ከጀመረች በኋላ የማትወርድ ከሆነ ዲናሞው ደህና ነው፤ የጎደለው መጀመሪያ የሚቀሰቅሰው ጥቂት ኤሌክትሪክ ነው። በብዙ የድሮ መኪና ያ ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በክሩስኮቱ የባትሪ ምልክት አምፖል በኩል ነው። ሞተሩን ሳታስነሺ ቁልፉን ብቻ ክፈቺ፤ ቀዩ ምልክት ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም ወደ ዲናሞው የሚሄደው ቀጭን ገመድ ተበጥሷል። በርካሽ ይሠራል።

የወንጂው ልጅ ግን እግሩን ሲያነሳ መልሶ ይወርዳል ብሏል፣ ምልክቱም በስሱ ይበራል። ያ አምፖል አንድ ጫፉ ወደ ባትሪ፣ ሌላው ጫፉ ወደ ዲናሞ ነው፤ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ይጠፋል። በስሱ የሚበራው እኩል ሳይሆኑ ሲቀሩ ነው። እኔ ዳዮድ ነው የምጠረጥረው፣ ግን ቁጥሩን ሳላይ አልፈርድም።

የወንጂ መስመር

ጋሼ፣ እንዳሉኝ ለካሁ። ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከወንጂ እንደተመለስኩ ነው፣ ሞተሩ ግሎ።

ኤሲ፣ ሚኒሞ ላይ፣ መብራትና ማራገቢያ በርቶ፦ 0.8። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ለካሁት። የጓደኛዬ ሃይስ አጠገቤ ቆሞ ስለነበር በእሱም ላይ ለካሁ፣ 0.04 ነው የሰጠኝ። ከዲናሞው ብሎን ወደ ባትሪ ፖዘቲቭ 0.12። ማሳው 0.05።

ፓራኦሊዮውን ያሠራሁባቸው ሰዎች ጋ ደውዬ ጠየቅሁ። "እሱን አልነካነውም፣ አይፈስም ነበር" አሉኝ። ከታች ተኝቼ ሳይ ግን የዲናሞው የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች ዙሪያ ጥቁር፣ እርጥብ አቧራ ተጋግሮበታል። በጣቴ ስነካው እንደ ግሪስ ነው።

አሮጌ ቴስተር

በቃ ልጄ፣ ገመዱና ማሳህ ንጹሕ ናቸው፤ ጉዳዩ ውስጥ ነው። የዳዮድ ችግር አለህ፣ ዘይትም ገብቷል። አውርደው። ስታወርደው የባትሪውን ኔጌቲቭ መጀመሪያ ንቀል፣ ሞተሩ ጠፍቶ። የፓምፑን የዘይት ቱቦዎች ስትፈታ አፋቸውን በንጹሕ ጨርቅ ድፈናቸው፤ የአዳማ አቧራ ወደ ውስጥ ከገባ ቀጥሎ የሚሞተው ፓምፑ ነው።

ሲፈታ አጠገቡ ቁም። ስድስቱም ዳዮዶች በቴስተር በሁለቱም አቅጣጫ ይለኩ፤ በአንድ በኩል ማሳለፍ፣ በሌላው መዝጋት አለባቸው። በሁለቱም የሚያሳልፍ ወይም በሁለቱም የሚዘጋ ሞቷል። በሮተሩ (ውስጥ በሚዞረው ክፍል) ሁለት የመዳብ ቀለበቶች መካከል ወደ 3 ኦም ገደማ ማግኘት አለብህ። ካርቦኑን በጣትህ ግፋውና ልቀቀው፤ ወዲያው ካልተመለሰ ተጣብቋል። በእነዚህ የቶዮታ ዲናሞዎች አዲስ ካርቦን ከመያዣው 10.5 ሚሊ ሜትር ይወጣል፤ 1.5 ሲደርስ ማለቂያው ነው።

ፑሌጃውንም ከድሮው ጋር አስተያይ። ባለፈው ሲሠራ ትልቅ ፑሌጃ ተቀይሮ ከተገጠመ ሚኒሞ ላይ ዙሩ ይቀንሳል፣ ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ባትሪህን ደግሞ በዚያ መሃል ቻርጀር ላይ አሳድረው። እስከ ታች የወደቀ ባትሪ መሙላት የዲናሞ ሥራ አይደለም፤ አዲስ የተሠራውን ዲናሞ በመጀመሪያው ቀን ከልክ በላይ ታሞቀዋለህ። ከቻርጀሩ ወርዶ ጥቂት ሰዓት አርፎ 12.6 ከሰጠህ ተርፏል።

ሐይቅ ዳር

ጋሼ እኔም ተምሬያለሁ። ቀይረው ብዬ ቸኩዬ ነበር።

የወንጂ መስመር

ሰላም፣ ሠርቼ ጨረስኩ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ።

አንድ ቀን ሥራ አቁሜ ሌላ ኤሌክትሪሽያን ጋ ወሰድኩት፤ ሲፈታ ከአጠገቡ አልተነሣሁም። የኋላው ክዳን ሲከፈት ውስጡ ጥቁር ጭቃ ነው። የካርቦኑ ብናኝ ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ቀለበቶቹን፣ የካርቦኑን መያዣ፣ የዳዮዱን ሳህን ሁሉ ሸፍኖታል። ካርቦኖቹ አዲስ መሆናቸው እውነት ነው፣ ገና ረጅም ናቸው። አንደኛው ግን በጣቴ ገፍቼ ስለቀው እዚያው ቀረ። ስፕሪንጉ ሊያወጣው አልቻለም፣ ጭቃው ይዞታል። እየነካ፣ እየለቀቀ ነበር የሚሠራው ማለት ነው። ገና ሁለት ወሩ ነው።

ዳዮዶቹን አንድ በአንድ ለካን። አምስቱ ደህና ናቸው። ስድስተኛው በሁለቱም በኩል ዝግ ነው፤ ግርጌው ላይ ያለው የማያያዣ ሊድ በሙቀት ቀልጦ ጠብ ብሎ ነበር። ሠራተኛው እንዳስረዳኝ አንዱ ሲሞት ሌሎቹ ሸክሙን ስለሚወስዱ ይግላሉ፣ ብዙ ቢቆይ ጥቅልሉም ይቃጠል ነበር። ሮተሩ 2.9 ኦም ሰጠ። ፑሌጃው የራሱ ነው፣ አልተቀየረም።

የዳዮዱን ሳህን በሙሉ ቀየርን፣ ካርቦኑን ቀየርን፣ ቀለበቶቹን በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት አጸዳን፣ ጥቅልሉን አጥበን አደረቅን። ፓራኦሊዮውንም ቀየርን። የድሮውን እጄ ላይ ይዤ አየሁት፤ ከንፈሩ ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ሆኗል፣ ሳጎብጠው ተሰነጠቀ። ከሁሉም ዕቃ ትንሹ ዋጋ የእሱ ነው። የዚያን ጊዜ ተቀይሮ ቢሆን ባትሪ አልገዛም ነበር፣ ያችም እናት ልጅ አዝላ መኪና አትገፋም ነበር። ይህ በጣም ይቆጨኛል።

ማታ ከወንጂ ስመለስ ያንኑ ቦታ አካባቢ ቆሜ ለካሁ። መብራትና ማራገቢያ በርቶ፣ ሞተሩ ግሎ፣ ሚኒሞ ላይ 13.5። ነዳጅ ሰጥቼ 14.2። ኤሲ 0.05። ምልክቱን በእጄ ጋርጄ አየሁት፣ ጨለማ ነው።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ግን ቀረኝ። ዲናሞው ተገጥሞ መጀመሪያ እንዳስነሳነው ፍሬኑን ስረግጥ ደንዳና ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ለሰለሰ። ከዚያ ወዲህ ደህና ነው። ይህ ምንድን ነው?

አሮጌ ቴስተር

እሰይ፣ ደስ ብሎኛል።

ፓምፑ ደርቆ ነው የተገጠመው። ፓምፑ ቫኪዩም የሚስበው ዘይት ሲኖረው ነው፤ ከመገጠሙ በፊት በዘይት መግቢያው ጥቂት ንጹሕ የሞተር ዘይት ጠብ አድርጎ በእጅ ማዞር ነበር። ከሞተሩ ዘይት እስኪደርሰው ድረስ ሰርቮው ባዶ ነበር፣ ለዚያ ነው የደነደነው። አሁን ከለሰለሰ ችግር የለም። ግን ሞተሩን አጥፍተህ ፍሬኑን ደጋግመህ ረግጠህ አደንድነው፤ ከዚያ እግርህን ፔዳሉ ላይ አድርገህ አስነሳ። ፔዳሉ ወዲያው ትንሽ ወደ ታች መውረድ አለበት። ነገ ጠዋት መናኸሪያ ከመግባትህ በፊት ይህን ሞክር፤ ካልወረደ ሰው ሳትጭን ለገጠመልህ ኤሌክትሪሽያን ደውልለትና ቱቦዎቹን ይይልህ። የሞተር ዘይትህንም ልክ እይ፣ ሁለት ወር ሙሉ ወደ ዲናሞው ሲፈስ ነበርና ጎድሎ ይሆናል።

የወንጂ መስመር

አሁኑኑ ግቢ ውስጥ ሞከርኩት። ወረደ። ዘይቱ ግን ከታችኛው ምልክት በታች ነበር፤ አንድ ሊትር ጨመርኩ። እግዜር ዕድሜ ይስጥዎ ጋሼ።